በቧንቧ የመጣ ወሬ

ጥቅምት 4 ቀን

ለአጎቴ ልጅ ልጅ፣ በቤት ስምሽ ለቢሆንስ፤

ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው። ጣሪያ ላይ ወጥቼ የውሃ ታንከር አጥባለሁ። ለአንድ ኢንች ቧንቧ በእጄ ጥርስ አወጣለታለሁ፤ የዛሬ ልጆች ማሽን ሲፈልጉ እኔ ጨርሼ እጄን እየታጠብኩ ነው። ሸሚዜን አጥቤ እተኩሳለሁ። ምሳዬን ራሴ እሠራለሁ። ጨው ይበዛበታል ይሉኛል፤ የሚሉኝ ግን ሳልጠራቸው መጥተው የሚበሉ ናቸው። ሚስቴ ካረፈች አምስት ዓመት ሆናት፤ በአምስት ዓመት ውስጥ ማንም ለእኔ ብሎ አንድ ባልዲ አላነሳም። ይህንንም የምጽፈው ራሴ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ካረጀሁ በኋላ ነው፣ ያውም የቧንቧ ልክ ለማንበብ ብዬ። ስለዚህ ጽሕፈቴ ቀጥ ይላል እንጂ አያምርም፣ ቻይው።

ሰላም ላንቺ ይሁን። ያለሽበት አገር ብርዱ አጥንትሽ ሳይገባ፣ ሥራውም ሳያጎብጥሽ ያቆይሽ። እናትሽን በሕልሜም በውኔም አላየኋትም፣ ደህና ትሆናለች ብዬ ነው።

አሁን ወደ ጉዳዬ። የውሃ ሥራ ሰዎች በግድግዳና በመሬት ውስጥ የሚያፈስ ቧንቧ የሚያዳምጡበት ብረት አለ። ቀጭን ዘንግ ነው፣ ጫፉ ጆሮ ላይ ይገጥማል። የእኔው ተሰብሯል፣ እዚህም አይገኝም። እዚያ ካለ ላኪልኝ፣ ዋጋውን እልካለሁ።

ለምን ትዪኛለሽ፣ አውቅሻለሁ። ግድግዳዬ ውስጥ ባለው መስመር ወሬ አለ። የውሃ ድምፅ አላልኩም፤ ወሬ ነው ያልኩት። ቧንቧ ድምፅ እንደሚያመጣ ሃምሳ ዓመት ሠርቼበታለሁ። ምድር ቤት ቁጭ ብዬ፣ ሦስተኛ ፎቅ ባልና ሚስት ሲጣሉ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ፈርጄ አውቃለሁ። ያ ግን የሰው ወሬ ነበር። ይኼኛው ስለ እኔ ነው። ከላዬ አንዲት ልብስ ሰፊ ትኖራለች። ሌላ አልጨምርም።

ስልክ እንዳትደውዪ። በስልክ የምናገረው ላይ ቤት ይሰማል።

አጎትሽ፣ የውሃ መስመር ሠራተኛው


ኅዳር 2 ቀን

ለተከበሩት ጋሼ፤

ደብዳቤዎ ሃያ አራት ቀን ተጉዞ ደረሰኝ። እርስዎ ጽፈውልኝ አያውቁም፤ ፖስታው ላይ ስሜን በትልቁ ሳየው መጀመሪያ የደነገጥኩት ሰው ሞተ ብዬ ነበር። ጣሪያ ላይ የሚወጣ ሰው እንደጻፈው ሳይ ልቤ ተመለሰ። ዕድሜና ጤና አይለይዎት፤ ጉልበትዎ እንዳለ ይቆይልኝ። እናቴም ደህና ናት፣ ሰላም ብላለች።

ሥራዬን ጠይቀውኝ አያውቁም፣ ልንገርዎት። ሆስፒታል ምድር ቤት ውስጥ፣ መስታወት ጀርባ ተቀምጬ፣ የሰው ጭንቅላት በማሽን ፎቶ አነሳለሁ። ፎቶውን የሚያነቡት ሐኪሞች ናቸው፤ እኔም ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ ጥቂት ጥቂት አነባለሁ።

ማዳመጫው እዚህ ይገኛል። ከመላኬ በፊት ግን እንደ ልማዴ ልጠይቅ። ወሬው የሚመጣው ከየትኛው ክፍል ነው? ዋናውን የውሃ መዝጊያ ሲዘጉት ይቆማል? ልብስ ሰፊዋ ቤት በሌለችበት ሰዓትስ ይሰማል? ራስዎን ያምዎታል ወይ፣ ዓይንዎስ ይጋረዳል ወይ? መልስዎ ሲደርሰኝ በሳምንቱ እልካለሁ።

አክባሪዎ


ጥር 20 ቀን

ለቢሆንስ፤

ከበሽታ ሁሉ ይሰውርሽ። ጠይቀሽኝ መልስ ሳልሰጥሽ ስለቆየሁ ይቅር በይኝ አልልም፤ ሥራ ላይ ነበርኩ።

ያልሽውን አደረግኩ። ዋናውን መዝጊያ ዘጋሁ። ወሬው አልቆመም። መስመሩን እስከ መጨረሻው አደረቅኩት፤ አንድ ጠብታ የለም። ወሬው አልቆመም። ልብስ ሰፊዋ ገበያ ስትወርድ ደረጃው ላይ ቆሜ አየኋት፤ ያኔም አልቆመም። ስለዚህ ምን ገባኝ? ሌላ መስመር አስገብታለች፣ በድብቅ። ሥራ የሚያውቅ ሰው አስገብቶላታል። ስለዚህ ወደ እርሷ የሚወጣውን ቧንቧ ክንድ የሚያህል ቆርጬ አወጣሁት፣ ሁለቱንም ጫፍ ደፈንኩ።

በማግስቱ መጣች። "ጋሼ፣ ውሃዬን ምን በላው?" አለችኝ።

"ምላስሽ" አልኳት።

"የእኔ ምላስ ክር ከማርጠብ ሌላ ሥራ የለውም" አለችና ባልዲዋን ይዛ ወረደች። ደረጃው ላይ ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ ነበር። እኔም በሰው ፊት ሆዴ ያለውን ሁሉ ነገርኳት። ስለ እኔ የምታወራው ምን እንደሆነ፣ ማን እንዳስገባላት። እነሆ በባልዲ ስታመላልስ አርባ አንድ ቀኗ ነው።

ሚስማርን ታስታውሺዋለሽ፣ ከአባትሽ ጋር የሠራው ቀጭኑ። አሁን አንድ ግንባታ ላይ ዘበኛ ነው። ጠራሁትና ጆሮውን ግድግዳው ላይ አስለጠፍኩት። "ምን ሰማህ?" ስለው፣ "አንተን" አለኝ። "እኔ ዝም ብያለሁ!" አልኩት። "እሱማ አልሆነልህም" ብሎኝ ወጣ። ሚስማር ጆሮው ከደነቆረ ቆይቷል፣ ለሰው ሁሉ ነግሬያለሁ።

ከዚያ ከመሰላል ወደቅኩ። ትንሽ ነው። ጎረቤት ሆስፒታል ወሰደኝ፣ ጭንቅላቴን ፎቶ አነሱት። ሐኪሙ ልጅ ነው፣ ጺም አላወጣም።

"አባት፣ እዚህ በግራ በኩል ውሃ የቋጠረ ከረጢት አለ" አለኝ።

"ማን አስገባው?"

"አብሮዎት ሳይወለድ አልቀረም።"

"ታዲያ ሰባ ስምንት ዓመት የት ነበር?"

"እዚያው።"

ክፉ አይደለም፣ ካንሰርም አይደለም፣ ብዙ ሰው ሳያውቀው ይዞት ይኖራል አለኝ። ከዚያ ድምፅ ይሰማዎታል ወይ ሲለኝ ስለ ቧንቧው አስረዳሁት። ቧንቧ ምን እንደሆነ አያውቅም። የሚያውቀው መጻፍ ነው። ጻፈና ወደ አእምሮ ሐኪም ላከኝ፣ እሱም ክኒን ሰጠኝ። ክኒኑን መጸዳጃ ጨምሬ ውሃ ለቀቅኩበት። ክኒን ለዕብድ ነው።

አሁን ማዳመጫውን ተዪው። ፊልሙን ጠቅልዬ ልኬልሻለሁ፣ እንዳይታጠፍ በቧንቧ ውስጥ ነው። አንብቢው። መውጫ የሌለው ውሃ ምን እንደሚሠራ ማንም አይነግረኝም፤ ግድግዳ ይገፋል፣ ድምፅ ያወጣል፣ በመጨረሻ ያፈነዳል። ይህ ከረጢት መከፈት አለበት። ከሁለቱ አንዱን ጻፊልኝ፤ ውሃው ነው፣ ወይስ አብጃለሁ? ሌላ እንዳትጽፊ።

አጎትሽ


የካቲት 11 ቀን

ለተከበሩት ጋሼ፤

ከመሰላሉ ያተረፈዎት አሁንም ይጠብቅዎት። ፊልሙ ሳይታጠፍ ደርሷል። ቧንቧውን የከፈተልኝ የፖስታ ቤቱ ሰው ምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ "የአጎቴ ጭንቅላት ነው" ብዬው ሁለተኛ ጥያቄ አልጠየቀኝም።

ፊልሙን ከሁሉም ለሚበልጡት ሐኪማችን አሳየኋቸው፤ ብርሃን ላይ ሰቅለው ደጋግመው አዩት። ከረጢቱ በግራ ጆሮ ግንድዎ በኩል፣ አንጎልን እንደ ሸረሪት ድር በሚሸፍነው ስስ ልባስ ውስጥ ነው። የዶሮ እንቁላል ያህላል። ውስጡ ጥርት ያለ ውሃ ነው። ከላዩ ያለው አጥንት ሳስቷል፤ ይህ የሚሆነው ከረጢቱ ለብዙ ዓመት እዚያ ሲኖር ነው። ያ ልጅ ሐኪም አልዋሸዎትም።

አንዱን ብቻ ጻፊ ብለውኛል። የማውቀውን ነው የምጽፈው። እንዲህ ዓይነት ከረጢት ኖሮባቸው ድምፅ የሰሙ፣ ሰው ያሳድደኛል ያሉ ሕሙማን ተጽፈው አንብቤያለሁ። ከእነሱ አንዳንዶቹ ውሃው ሲቀዳላቸው ተሽሏቸዋል። አንዳንዶቹ አልተሻላቸውም። ሌሎች ደግሞ ሳይከፈቱ በክኒን ብቻ ተሽሏቸዋል። ከሁሉ የሚበዙት ግን ከረጢቱን ይዘው፣ አንድም ድምፅ ሳይሰሙ፣ አርጅተው የሞቱ ናቸው። ሐኪማችን ፊልሙን ሲመልሱልኝ፣ "ከረጢቱና ድምፁ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ዝምድናቸው ግን አልተረጋገጠም" አሉኝ።

መክፈት የራሱ አደጋ አለው፤ በእርስዎ ዕድሜ ይብሳል። የሚከፈተው ከባድ ራስ ምታት፣ ትውከት፣ የሚጥል በሽታ ወይም የዓይን መጋረድ ሲኖር ነው። ስለዚህ ነው የጠየቅኩዎት፤ አልመለሱልኝም። ጆሮዎንም ያሳዩ፤ መስማት ሲደክም አንጎል ባዶውን በራሱ ድምፅ የሚሞላበት ጊዜ አለ። ክኒኑን እንዲጀምሩ እለምናለሁ።

ልብስ ሰፊዋ ውሃ አገኘች ወይ?

አክባሪዎ


የካቲት 30 ቀን

ለቢሆንስ፤

ሰላም ነሽ? እኔ ሰላም ነኝ።

በሁለት ቢላ መብላት ከማን ተማርሽ? ይሆናልም አልሽ፣ አይሆንምም አልሽ። አንድ ቧንቧ ወይ ያፈሳል ወይ አያፈስም። ጎረቤታሞች ናቸው ያለ ሐኪም እኔ ዘንድ አንድ ቀን ቢሠራ በማግስቱ አሰናብተው ነበር።

ራሴን አያመኝም። ዓይኔም አልተጋረደም። ጆሮዬን አሳየሁት፣ ግራው ደክሟል አሉኝ፣ ይድከም። የሕንፃው ጠባቂ ለልብስ ሰፊዋ በውጪ በኩል የላስቲክ ጎማ ስቦላታል፣ ፀሐይ ያፈነዳዋል፣ የእኔ ጉዳይ አይደለም።

የአንጎል ቀዶ ሐኪም አግኝቻለሁ፣ ከዚህ በአውቶቡስ ስድስት ሰዓት ነው። እከፍተዋለሁ ብሏል። አልጋ ይዞልኛል፣ ለሚያዝያ 10። ግን ወሬው የሚመጣው ከውሃው ለመሆኑ ከሚያውቅ ቦታ የተጻፈ ወረቀት ይምጣልኝ አለ። አንቺ የምትሠሪው ማኅተም ባለበት ቤት ነው። ሁለት መስመር ይበቃል። "ወሬው የመጣው ከውሃው ነው" በይ፣ ማኅተሙን ምቺበት። ገንዘብ አልጠየቅኩሽም፣ ልጠይቅሽም አልችልም። ወረቀት ነው።

ይህን ካላደረግሽ እኔም አልጠይቅሽም፣ አንቺም አትጠይቂኝ። ዕብድ ተብዬ ከምኖር ተከፍቼ ብሞት እመርጣለሁ። ይህን እያወቅሽ መልሺ።

አጎትሽ


መጋቢት 22 ቀን

ለተከበሩት ጋሼ፤

ጤናዎን እየተመኘሁ፣ ቁጣዎንም እንደ ጤና ምልክት ቆጥሬው እጽፋለሁ።

ወረቀቱን አልጽፍም። ማኅተሙ የእኔ አይደለም፤ ቢሆንም አልመታበትም ነበር። በዚያ ወረቀት አንድ ሰው ቢላ ያነሳል፤ ቢላው ደግሞ የሚያርፈው እርስዎ ላይ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው እንዳይሆን።

የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ የሳሎናችን ኮርኒስ ላይ ቡናማ እድፍ ወጣ። እናቴ ግንበኛ ጠራች፤ ግንበኛው መዶሻውን አንስቶ ልክ ከእድፉ በላይ ሊመታ ሲል እርስዎ ገቡ። "አንተ፣ እድፉ የታየበት ሁሉ ቀዳዳ ነው ያለህ ማነው?" አሉት። ኮርኒሱን በጠመኔ ከበቡት። ከዚያ መዝጊያዎቹን አንድ በአንድ ዘጉ፤ አንዱን ዘግተው ሁለት ቀን ይጠብቃሉ፣ ጠመኔውን ያያሉ፣ ከፍተው ሌላውን ይዘጋሉ። በስምንተኛው ቀን ቀዳዳውን መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ ከእድፉ አምስት እርምጃ ርቆ አገኙት። ኮርኒሱ ሳይነካ ቀረ። ግንበኛው ሲሄድ፣ "ማፍረስ የመጨረሻ ነው፤ እንደገና መዝጋት የማይቻለው እሱ ብቻ ስለሆነ" ብለውታል።

ፊልሙ ላይ ያለው ከረጢት እድፍ ነው። ቀዳዳው እዚያ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። ክኒኑ መዝጊያ መዝጋት ነው። ስድስት ሳምንት ይዝጉት። ካልረዳ ይከፍቱታል፣ ወደ ሌላው እንሄዳለን፤ የተሰበረ ነገር አይኖርም።

አንድ ጥያቄ ልጨምር፣ መልሱን ለእኔ ባይጽፉትም ለራስዎ ይመልሱት። ቧንቧ ወሬ የሚያመጣ ከሆነ፣ ከላይ ቤት የሰው ምስጢር ያመጣል። ያ ወሬ እስከ ዛሬ እርስዎ የማያውቁትን አንድ ነገር ነግሮዎት ያውቃል?

ሌላም አለ። ልጽፈው ሳልፈልግ ዓመታት አልፈዋል። አባቴ የእርስዎ ሠራተኛ ነበር። ከማይታይ ሰው ጋር ማውራት ሲጀምር እርስዎ ፎርማን ነበሩ። መፍቻውን በሠራተኛው ፊት ከእጁ ተቀብለው፣ "ዕብድ መሰላል ላይ አላወጣም" አሉት። መሰላል ላይ አለመውጣቱ ትክክል ነበር። ቃሉ ግን ቤት ድረስ ተከተለው። ከዚያ ቀን በኋላ አሥራ አንድ ዓመት የጓሮውን ክፍል ለቆ አልወጣም። ጭንቅላቱን ፎቶ ያነሳው የለም። ቢነሳ ምን ይገኝ እንደነበር አላውቅም፤ ምናልባት ምንም። ይህን ሥራ የመረጥኩት ግን በአጋጣሚ አይደለም።

ይህን የምጽፈው ለመክሰስ አይደለም። ያን ቃል እንዲህ የፈሩት ሲሰጡት ክብደቱን ስለሚያውቁ ነው ብዬ ነው።

አክባሪዎ


ግንቦት 18 ቀን

ለተከበሩት ጋሼ፤

ሚያዝያ 10 ካለፈ ከወር በላይ ሆነው። በሕይወት መኖርዎን ብቻ በአንድ መስመር ይጻፉልኝ፤ ሌላውን ሁሉ ሊያስቀሩት ይችላሉ።

አክባሪዎ


ሐምሌ 28 ቀን

ለቢሆንስ፤

አለሁ። አልተከፈትኩም። አስጨንቄሻለሁ፣ ወረቀት ፊት ሦስት ጊዜ ተቀምጬ ሦስት ጊዜ ተነስቻለሁ። ላንቺ መጻፍ ከባድ ሆኖ አይደለም፤ መጀመሪያ ማየት የነበረብኝ ነገር ስለነበር ነው። ሰላምሽ ይብዛ፣ እናትሽም ከነሰላምታዋ ትኑር።

መጋቢት የጻፍሽው ሲደርሰኝ ቀድጄ ልጥለው ነበር። ያቆመኝ ያ ጥያቄሽ ነው። ክፉ ጥያቄ ነው። ወሬው የማላውቀውን ነግሮኝ ያውቃል ወይ? ሦስት ቀን አሰብኩ። የሚለው "አሁን ተነሳ"፣ "አሁን በሩን ዘጋ"፣ "ይኸው ጨው አበዛ" ነው። ይህን ሁሉ እኔ እያየሁት ነው። ከዚህ ሌላ የሚለው አንድ ነው። "መፍቻውን ተቀበለው" ይላል፣ "ከእጁ ተቀበለው" ይላል። ልብስ ሰፊዋ እዚህ ሕንፃ ከገባች አራት ዓመቷ ነው። ያ ቀን ሲሆን እርሷ አልተወለደችም። ያን ቀን እዚያ የነበርነው አምስት ሰዎች ነን። አባትሽ ሞቷል። ሦስቱ ከእርሷ ጋር ተገናኝተው አያውቁም። የቀረሁት እኔ ነኝ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። እውነት ነው።

ያም ሆኖ እኔ በቃል አላምንም፣ አይቼ ነው። ሚስማር የሚጠብቀው ግንባታ አለ አልኩሽ። ግድግዳውና ጣሪያው አልቋል፣ ቧንቧ ግን ገና አልገባም፤ አንድ ዘንግ የለም፣ ለመጠጥ እንኳን ውሃ በጀሪካን ነው የሚያመጣው። በቀትር ሄድኩ።

"ምን ፈልገህ ነው?" አለኝ ሚስማር።

"ቁጭ ልበል።"

"ደንቆሮ ቤት?"

"አዎ፣ ደንቆሮ ቤት።"

ሲሚንቶ ጆንያ ሰጠኝና ትቶኝ ወጣ። ሁለተኛ ፎቅ፣ ባዶ ክፍል ውስጥ ተቀመጥኩ። በአራቱም ግድግዳ ዞርኩ፣ በእጄ ዳሰስኩ፣ በጥፍሬ መታሁት። ቧንቧ የለም። ወሬው ነበር። ያው ነው፣ ድምፁም ያው፣ "ጆንያው ላይ ተቀመጠ" አለኝ። እስኪመሽ ድረስ አልጠበቅኩም። ቧንቧ የሌለበት ቤት በቧንቧ ወሬ አይመጣበትም። ሃምሳ ዓመት ድምፅ የሚያመጣ ነገር ሠርቼ፣ ድምፅ ስሰማ ሌላ ማሰብ አልቻልኩም። አናጢ ብሆን ኖሮ ከጣውላው ነው እል ነበር። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ፣ ልብስ ሰፊዋን ማለቴ ነው።

በማግስቱ የአእምሮ ሐኪሙ ጋ ሄጄ ክኒኑን እንደገና ተቀበልኩ፣ መዋጥም ጀመርኩ። የመጀመሪያው ሳምንት ከበደኝ፣ አንድ ድስት አሳረርኩ፣ ወንበር ላይ ተኝቼ ቀን መሸብኝ። መጠኑን ቀነሱት። በአምስተኛው ሳምንት ወሬው ራቀ። አልጠፋም፣ ልዋሽሽ አልችልም። ሌላ ክፍል ውስጥ ሰው እንደሚያወራ ነው፣ ቃሉ አይያዝም። እኔም ለመያዝ አልሄድም።

ጭንቅላቴን እንደገና ፎቶ አነሱት። ከረጢቱ በልኩ አለ፣ አንድ ነጥብ አልቀነሰም፣ አልጨመረም። "ታዲያ እሱ አልነበረም ማለት ነው?" አልኩት ለሐኪሙ። "አላውቅም" አለ። "ክኒኑ ስለረዳ ከረጢቱ ነፃ ነው ማለት አይቻልም፤ ዕድሜም፣ ጆሮም፣ ብቻን መኖርም አለ። ምናልባት ሁሉም ትንሽ ትንሽ።" ሰባ ስምንት ዓመት ያለ ኪራይ የኖረ ተከራይ ነው፣ ይኑር። ዕብድ ነህ አላለኝም፣ እኔም አልጠየቅኩትም። በሽተኛ ነህ አለኝ። በሽተኛ መሆን እችላለሁ።

አባትሽም በሽተኛ ነበር። እኔ ነኝ ሌላ ስም የሰጠሁት።

ገንዘብ እልካለሁ፣ ሰው እልካለሁ እንዳትዪ። ዕዳዬን እዚህ እጽፍልሻለሁ፣ የምከፍለው ግን ራሴ ነኝ።

ለልብስ ሰፊዋ ጎማውን አንስቼ አዲስ የብረት ቧንቧ እዘረጋላታለሁ፣ ሌላ ሠራተኛ እንዲነካው አልፈቅድም። የሰደብኳት ደረጃው ላይ፣ በሰው ፊት ነው፤ ስለዚህ እሑድ ሁሉም ቤቱ ሲሆን፣ ደረጃው ላይ ቆሜ፣ ያልኩት ሐሰት ነበር እላለሁ። መልስ ባትሰጠኝ መብቷ ነው። ከአርባ አንድ ቀን በላይ የተሸከመችውን ባልዲ ከትከሻዋ ላወርደው አልችልም፤ ይህ ሳይከፈል ይቀራል።

አልጋ ለያዘልኝ ቀዶ ሐኪም መቅረቴን እስካሁን አልነገርኩትም። በእኔ ምክንያት ሰው ሳይተኛበት የቀረ አልጋ ካለ ይቅርታ መጠየቅ አለብኝ።

የመጀመሪያውን ክኒን መጸዳጃ መጨመሬን ለሐኪሙ ደብቄያለሁ፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ እነግረዋለሁ።

ለሚስማር፣ ደንቆሮ ነው ብዬ ባወራሁበት ቦታ ሁሉ ዞሬ ልክ አልነበርኩም እላለሁ። ብዙ ቦታ ነው።

ላንቺ፣ በማኅተም እንድትዋሺልኝ ጠይቄሻለሁ። ይህ እንዴት እንደሚከፈል አላውቅም። እንዳትነግሪኝ፣ አስቤ አገኘዋለሁ።

ለአባትሽ ያለብኝን ለአባትሽ መክፈል አይቻልም። ያን ቀን ያዩትን ግን አገኛቸዋለሁ። ሚስማር ቅርብ ነው፣ ለእሱ ነገ። አንደኛው እዚሁ ከተማ ከልጁ ጋር ነው የሚኖረው፣ ለእሱ ቅዳሜ። የመጨረሻው ሩቅ ነው፣ አውቶቡሱ አንድ ቀን ሙሉ ይሄዳል፣ ከአልጋም አይነሳም አሉኝ። በራቸውን አንኳኩቼ፣ ቁጭ ሳልል፣ "ያን ቀን መፍቻ የተቀበልኩት ሰው ታሞ ነበር፤ እኔ ዕብድ አልኩት" እላቸዋለሁ። ማክሰኞ እሄዳለሁ። ትኬት ቆርጫለሁ፣ አብሮኝ የሚሄድ አልፈልግም።

አጎትሽ